«ሰው የለኝም» የሚለውን ማን ይስማው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። በዚህ ሰንበት የሚነበበው ቅዱስ ወንጌል በኢየሩሳሌም በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ስለታመመ ሰው ይነግረናል (ዮሐ. 5፥1-9)። ቦታው ጭር ያለ ቦታ አልነበረም። አምስት መመላለሻ ነበረው፤ በሽተኛው፣ ዕውሩ፣ አንካሳው ተደርድሮ የውኃውን መናወጥ ይጠብቃል። ጊዜው ደግሞ የአይሁድ በዓል ስለነበረ ከተማዋ በሰው ተጨናንቃለች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጌታችን አንዱን ሰው አየው፤ ብዙ ዘመን እንደቆየም ዐወቀ፤ ከዚያም መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው።

እስቲ መልሱን ልብ በሉት። የተጠየቀው ስለ መዳን ነው። እርሱ ግን «አዎ» ወይም «አይ» አላለም። የመለሰው «ሰው የለኝም» ብሎ ነው። ለካ ከበሽታው ይልቅ ያንገበገበው ሰው ማጣቱ ኖሯል! አምላካችን ሁሉን ያውቃል፤ ሳይጠይቀውም በአንድ ቃል ሊያስነሣው ይችል ነበር። ነገር ግን አስቀድሞ ቆመ፣ አየ፣ ጠየቀ፣ መልሱንም ሰማ። ከዚያ በኋላ ነው አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ ያዘዘው።

በዚህች አጭር ትምህርት የምንመለከተው ይህንኑ ነው። በጭንቅ ጊዜ ሰውን የሚመራ ሰው ከትእዛዙ በፊት ምን ያደርጋል? ቆም ብሎ ማየት፣ በስም መጥራት፣ «አይዞህ» ማለት፣ ወርዶ አብሮ መሥራት፣ እነዚህ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ምን ያህል ክብደት አላቸው?

፩. መሪ ማለት ማን ነው?

«ይህ ትምህርት ለባለሥልጣን ነው፤ እኔን አይመለከተኝም» የሚል ካለ ይታገሠን። አባት የቤቱ መሪ ነው። እናት ሞግዚቷንም ልጆቿንም ትመራለች። ታላቅ እኅት ታናናሾቿን ትመራለች። የእድር ዳኛ፣ የጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ፣ በግንባታ ቦታ ያለ ፎርማን፣ በሆስፒታል ተረኛ የሆነች ነርስ፣ በመሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ፣ ሁሉም በየደረጃው መሪዎች ናቸው። እንዲያውም ሥልጣን የሌለው ሰው መሪ የሚሆንበት ሰዓት አለ።

ለዚህ ምስክራችን ቅዱስ ጳውሎስ ነው (የሐዋ. 27)። ወደ ሮም በመርከብ ሲወሰድ እስረኛ ነበር። መርከቡ የባለቤቱ ነው፤ ወታደሮቹ የመቶ አለቃው ናቸው፤ እርሱ ግን በጠባቂ የሚሄድ ሰው ነው። ማዕበሉ በርትቶ ፀሐይና ከዋክብት ብዙ ቀን ሳይታዩ ቆዩ፤ መርከበኞቹ ሊያመልጡ ፈለጉ፤ 276 ሰዎች ለ14 ቀን ያህል እህል ሳይቀምሱ ሰነበቱ። በዚያ ሌሊት ቅዱስ ጳውሎስ ስለ መርከብ አነዳድ ረጅም ንግግር አላደረገም። ነፍሳቸው እንደማትጠፋ አጽናናቸው፤ እንዲበሉ ለመናቸው፤ እንጀራ ይዞ በሁሉ ፊት አመሰገነ፣ ቆርሶም እርሱ ራሱ መብላት ጀመረ። ያን ጊዜ ሁሉም ተጽናኑና በሉ። ከበሉ በኋላ ነው ስንዴውን ወደ ባሕር ለመጣልና መርከቡን ለማቅለል ጉልበት ያገኙት። ሁሉም በደኅና ወደ ምድር ወጡ።

አያችሁ? አንድ ቁራሽ እንጀራ ነው። ግን ፈርቶ የደነዘዘን መርከብ ሙሉ ሰው ወደ ሥራ መለሰ።

፪. ዘወረደ፦ መሪ ሲወርድ

የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሰንበት ስሙ ዘወረደ ነው፤ «የወረደው» ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ጾሙን የምትጀምረው በእኛ መውጣት ሳይሆን በእርሱ መውረድ ነው። የሰማይና የምድር ንጉሥ በዙፋኑ ተቀምጦ ብቻ አላዘዘንም፤ ወርዶ ሥጋችንን ለበሰ፣ ራበው፣ ጠማው፣ ደከመው። እንግዲህ የክርስቲያን መሪነት መነሻው ይህ ነው። መጀመሪያ መውረድ ነው፤ ማዘዝ ከዚያ ይከተላል።

ይህን በአገራችን ታሪክ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአራዳ ከገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ቅጽር ስንወጣ ምኒልክ አደባባይ ላይ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሐውልት ይታያል። በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሐውልት ንጉሡን በፈረስ ላይ ከፍ አድርጎ ያሳያቸዋል። ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ከቦታው አንሥቶት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ካቴድራሉም በየካቲት 1929 ዓ.ም. በወራሪው እጅ በእሳት ተቃጥሎ በኋላ ታድሷል። ሐውልቱ ንጉሡን ከፍ አድርጎ ቢያሳይም ሕዝቡ ግን የጠራቸው «እምዬ» ብሎ ነው። ንጉሥን በእናት ስም! ይህ ስም ከፈረስ ላይ ሆኖ የሚገኝ አይመስለኝም።

አንዱን ምክንያት እንመልከት። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገራችንን የመታው ረሀብ በአባቶቻችን ዘንድ «ክፉ ቀን» ይባላል። በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው። በሬ ካለቀ ደግሞ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ እህል የለም። ድርቁ፣ አንበጣውና ወረርሽኙ ተጨመሩበት። ምድር በዶማ ተቆፍራ ልትዘራ ትችል ነበር፤ ግን በዚያ ዘመን መኳንንቱ በእጅ መቆፈርን እንደ ነውር ይቆጥሩ ነበር። ሰው እየሞተም ነውር ነውር ነው!

ንጉሡ ጎተራቸውን ከፍተው ረሀብተኛውን ማብላታቸው ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሌላ አንድ ትንሽ ነገር አደረጉ። ራሳቸው ዶማ ይዘው ወጡና መሬት ቆፈሩ። ንጉሡ ሲቆፍሩ የቆመ መኰንን «እኔ አልቆፍርም» ሊል አይችልም። መኰንኑ ሲቆፍር ወታደሩም ይቆፍራል፤ ባላገሩም በሬ የለኝም ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። እስቲ አስቡት፤ ንጉሡ በእጃቸው የቆፈሩት መሬት ስንት ሰው ያበላል? ጥቂት ነው። ከመሬቱ በላይ የተቆፈረው ግን በሰው ልብ ውስጥ የነበረው ነውር ነው። አንድ አዋጅ ይህን አያደርገውም ነበር።

፫. የመፃጉዕ ሰንበት በዓድዋ

ሁላችንም የምናውቀው የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዕለተ እሑድ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ነው። ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ነገር ግን አለ። ባሕረ ሐሳቡን ብናሰላው ዓመተ ዓለሙ 7388፣ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ፣ መጥቅዑ 15፣ መባጃ ሐመሩ 19 ይሆናል። ጾመ ነነዌ ጥር 19፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 3 ገባ፤ ትንሣኤ መጋቢት 28 ዋለ። ስለዚህ የካቲት 23 የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት ነበር። የዓድዋ ቀን የመፃጉዕ ሰንበት ነው!

ጦርነቱ ሲጀመር ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ጾም ላይ ያለ፣ ከቤቱ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግሩ የተጓዘ፣ ስንቁ እያለቀ የነበረ ሠራዊት ነው። ውጊያው ሲፋፋም ከኋላ ያለው ማመንታት ጀመረ። በዚህ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ከበቅሏቸው ወርደው፣ ዓይነ ርግባቸውን ገልጠው፣ በጥቁር ጃንጥላ ሥር በእግራቸው ወደ ፊት ሄዱ። የሚያመነታውንም ወታደር ተቆጥተው አላባረሩትም፤ «አይዞህ» አሉት። በሰፈሩ የነበሩትንም ሴቶች አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ እንዲያቀርቡ አደረጉ።

«አይዞህ» የምትለዋን ቃል እኛ በየቀኑ ስለምንላት ትንሽ ትመስለናለች። ልጅ ሲወድቅ አይዞህ፤ ሐዘን ቤት አይዞሽ፤ ፈተና ሲገባ አይዞህ። ግን ይህች ቃል ምን እንደያዘች አስተውሉ። «አይቻለሁ፤ መፍራትህን ዐውቄአለሁ፤ ስለ ፍርሃትህ አልንቅህም፤ አብሬህ አለሁ» ማለት ናት። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል። በዚያ ቀን ያን ቃል የሰማ ወታደር ሰው የለኝም ሊል አይችልም። ንግሥቲቱ አጠገቡ ቆማለቻ!

ከዚያ በፊት በጥር ወር በመቀሌ የሆነውንም እናስታውስ። በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የነበረው የጣልያን ጦር የሚጠጣበት ምንጭ በእቴጌይቱ ምክር ተያዘበትና በውኃ ጥም ተጨነቀ። ባለቀለት ጊዜ ግን ንጉሡ በሰላም እንዲወጣ ፈቀዱለት፤ ጓዙን የሚጭንበትም እንስሳ እንዲያገኝ አደረጉ። ጠላትን በጥም ማስጨነቅ ጦርነት ነው። የተጨነቀው ሲወጣ በቅሎ መስጠት ግን ጦርነት ያላስገደደው ነገር ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ትንሿ ሥራ ምንም ሳይናገሩ አብሮ መገኘት ብቻ ናት። ከምኒልክ አደባባይ ጥቂት ራቅ ብሎ የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። ለባቡር ግንባታ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው የተመለሰው ማለት ነው። ብፁዕነታቸው ሕዝባቸው ሲጨነቅ ርቀው አልተቀመጡም፤ ከአርበኞቹ ጋር ሆኑ። አርበኞችን እንዲያወግዙ ሲጠየቁ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ዐረፉ። እረኛ ከበጎቹ ጋር መገኘቱ ራሱ ስብከት ነው።

፬. አንድ ቃል መንግሥት ሲያፈርስ

በጎውን እንዳየን ተቃራኒውንም እንይ። ንጉሥ ሰሎሞን ባረፈ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ልጁ ወደ ሮብዓም መጥቶ አንድ ነገር ለመነው። የአባቱ ቀንበር ከብዶ ስለነበር እንዲያቀልለት ጠየቀ (1ኛ ነገ. 12)። ሽማግሌዎቹ ምን መከሩት መሰላችሁ? ለአንድ ቀን ለሕዝቡ ዝቅ እንዲል፣ በገርነት እንዲመልስለት፤ እንዲህ ካደረገ ዘመኑን ሁሉ እንደሚገዙለት ነገሩት። አብሮ አደጎቹ ግን በጭካኔ እንዲናገር መከሩት፤ እርሱም የእነርሱን ሰማ። ዐሥሩ ነገድ ተነሥቶ ሄደ። የተከፈለው መንግሥት ዳግመኛ አልተገጠመም።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሮብዓም ሠራዊት ነበረው፤ ግምጃ ቤት ነበረው፤ ቤተ መቅደሱም በእጁ ነበር። ያጣው አንዲት የገር ቃል ነው። የእኛ አባቶች «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው ነው። እንግዳው የሚበላውን ከማየቱ በፊት ፊታችንን ያያል።

፭. የተጨነቀ ሰው ምን ይሰማል?

ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው ብለን እንጠይቅ። ሰው ሲፈራ ጆሮው ይዘጋል። በሆስፒታል የታመመ ዘመድ ያስታመመ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሐኪሙ የተናገረው ረጅም ማብራሪያ ከበሩ ሲወጡ ይጠፋል፤ «እማማ፣ ይቀመጡ፤ ውኃ ላምጣልዎት?» ያለችው ነርስ ግን ዐሥር ዓመት ትታወሳለች። ሐኪሙ ስላልሠራ አይደለም። የተጨነቀች ነፍስ ከትእዛዝ በፊት ሰው ስለምትፈልግ ነው።

ሊቀ ነቢያት ሙሴ ስለ ነጻነት ለእስራኤል ሲነግራቸው ከመንፈሳቸው ጭንቀትና ከሥራው ክብደት የተነሣ አልሰሙትም (ዘጸ. 6፥9)። የምሥራች ነበር እኮ የነገራቸው! የተጨነቀ ሰው የምሥራችም አይሰማም። የሚሰማው ስሙን ነው። መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ ደጅ እያለቀሰች ጌታን እያየችው አላወቀችውም፤ አትክልተኛ መሰላት። ስለ ትንሣኤው ረጅም ትምህርት አልሰጣትም። «ማርያም» አላት፤ ዐወቀችው (ዮሐ. 20፥16)። የትንሣኤው የምሥራች ወደ እርሷ የገባው በስሟ በኩል ነው።

፮. አቤሴሎምም እጅ ይጨብጥ ነበር

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፈገግታ ሁሉ ፍቅር አይደለም። የዳዊት ልጅ አቤሴሎም በማለዳ እየተነሣ በከተማው በር ይቆም ነበር። ባለ ጉዳይ ሲመጣ ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል፤ ሊሰግድለት ሲቀርብ እጁን ይዞ ይስመዋል። እንዲህ እያደረገ የእስራኤልን ልብ ሰረቀ (2ኛ ሳሙ. 15፥1-6)። እንግዲህ ከላይ ያመሰገንነውን ሁሉ አቤሴሎም አድርጎታል። ቆሟል፣ ጠይቋል፣ እጅ ይዟል። ልዩነቱ ታዲያ የት ላይ ነው?

አባቱን ዳዊትን እንይ። ዳዊት በምሽግ ሳለ፣ ቤተ ልሔም በፍልስጥኤማውያን እጅ ሳለች፣ ከቤተ ልሔም ጉድጓድ ውኃ ተመኘ። ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ውኃውን ቀድተው አመጡለት። ዳዊት ግን አልጠጣውም። በነፍሳቸው ተወራርደው ያመጡትን ውኃ እንደ ደማቸው ቆጥሮ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው (2ኛ ሳሙ. 23፥15-17)። ተጠምቶ ሳለ! ሦስቱ ሰዎች በዚያን ቀን የተረዱት ነገር ይህ ነው፤ ጌታቸው ዘንድ ነፍሳቸው ከጥሙ ትበልጣለች።

ስለዚህ ሦስት መለኪያ እንያዝ።

ሀ. ዋጋ ታስከፍላለችን? የዳዊት ሥራ ጥሙን አስከፈለችው። የአቤሴሎም ሰላምታ ምንም አላስከፈለችውም።

ለ. ምላሽ ትፈልጋለችን? አቤሴሎም እጅ የጨበጠው ዙፋን ፈልጎ ነው። ዳዊት ያፈሰሰውን ውኃ መልሶ አላገኘውም።

ሐ. ፍርድን ትተካለችን? ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ለተራቆተው ሰው በባዶ እጅ «በደኅና ሂድ» ማለት ምን እንደሚጠቅም ይጠይቃል (ያዕ. 2፥15-16)። የሠራተኛውን ደመወዝ ይዞ «አይዞህ» የሚል አሠሪ አላጽናናም፤ አፌዘ እንጂ። ደግ ቃል የተገባውን ነገር ታጅባለች፤ አትተካውም። ንጉሡም ዶማ የያዙት ጎተራውን ከከፈቱ በኋላ ነው ትርጉም ያለው።

፯. ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ዓይነት ሰው ነን?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የጾም መሪነት የሚፈተነው ጠዋት ቅዳሴ ላይ አይደለም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሆድ ባዶ ነው፣ ራስ ያማል፣ ጉዳይ ተከምሯል፣ መንገዱ ተዘግቷል። በዚያ ሰዓት ልጁ ብርጭቆ ይሰብራል፤ ሠራተኛዋ ሽሮውን ታሳርራለች፤ ባለ ጉዳዩ ሦስተኛ ጊዜ ይመላለሳል። ከሥራችን ያሉት ሰዎች ጾማችንን የሚያውቁት ያን ጊዜ በምንናገረው ነው። አንዳንዱ ቤት እኮ «ዛሬ አባባ ይጾማል፤ አትጠጉት» ይባላል። ይህ እንዴት ያለ ጾም ነው? ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲያስረዳ የተጨቆነውን መልቀቅ፣ እንጀራን ማካፈል፣ ስደተኛውን ወደ ቤት ማስገባት መሆኑን አስተምሯል (ኢሳ. 58)። ጾመን የምንጨቁን ከሆነ የተራብነው በከንቱ ነው።

«ሰው የለኝም» የሚለውም ዛሬ ከቤተ ሳይዳ አልቀረም፤ አጠገባችን ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢዋ በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ምክንያት ብዙ ቤተሰቦች ከኖሩበት ሰፈር ተነሥተው ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ሄደዋል። ከዶሮ ማነቂያ የተነሡ እናቶች ዛሬ በሌላ ሰፈር፣ አንዳንዶቹም በፎቅ ላይ ይኖራሉ። ቤት አግኝተው ይሆናል። ጎረቤቱ ግን ተበትኗል። ቡና የሚያጣጣቸው፣ ሲታመሙ በር የሚያንኳኳላቸው፣ ለቅዳሴ የሚቀሰቅሳቸው ሰው ሌላ ቦታ ነው ያለው። አዲሱ ሰፈር ሌላ ቤተ ክርስቲያን ቢኖርም ለ40 እና ለ50 ዓመት የተሳለሙትን ደጅ ትተው መቅረት ያልቻሉ፣ ሁለት ታክሲ ይዘው ለቅዱስ ጊዮርጊስ የሚመጡ አሉ። እንዲህ ያለች እናት ከቅዳሴ በኋላ ማንም ሳያናግራት ተመልሳ ብትሄድ፣ ከእድሯ ዳኛ፣ ከማኅበሯ ሙሴ፣ ከንስሐ አባቷም አንድ ስልክ ባይደወልላት፣ ሰው የለኝም ብትል ትፈረድባታለችን?

በዚህ ጾም እያንዳንዳችን የምንችለው አለ።

1ኛ. በስም እንጥራ። «አንተ ዘበኛ»፣ «አንቺ ልጅ» ማለትን እንተው። የግቢያችንን ጥበቃ፣ የቢሮአችንን ጽዳት ሠራተኛ፣ በደጀ ሰላሙ የሚቀመጡትን አረጋዊ ስማቸውን ጠይቀን እንወቅ። ቢቻል የክርስትና ስማቸውን ጠይቀን በጸሎታችን እናስባቸው።

2ኛ. ከትእዛዝ በፊት እንይ። ሥራው የከበደበት ሰው ስናይ «ለምን አልጨረስክም?» ከማለታችን በፊት «ምን ገጠመህ?» እንበል። ጠይቀን ደግሞ መልሱን እንጠብቅ። ጠይቆ ስልኩን የሚያይ አልጠየቀም።

3ኛ. ዝቅ ያለውን ሥራ አንድ ቀን እንያዝ። አባት አንድ ምሽት ዕቃ ይጠብ፤ ሰብሳቢው ከጉባኤው በኋላ ወንበር ያንሣ፤ ኃላፊው ሠራተኛው በተጨናነቀበት ቀን መዝገቡን አብሮት ያገላብጥ። ንግግር አያስፈልገውም፤ ዶማውን መያዝ ይበቃል።

4ኛ. ቁጣን ለነገ እናሳድር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጣውን ቁጣ ከግድፈት በኋላ እንየው። እውነተኛ ጥፋት ከሆነ ያን ጊዜም አይጠፋም፤ የረሀብ ቁጣ ከሆነ ግን ይጠፋል።

5ኛ. ርቆ የሄደውን እንፈልግ። እድሮችና የጽዋ ማኅበራት የተበተኑትን አባላት ስም ዝርዝር ያውጡ፤ ሁለት ሁለት ሰው ተመድቦ ይጠይቃቸው። ከትንሣኤ በፊት አንድ ጊዜ ቤታቸው ድረስ መሄድ ከብዙ መልእክት ይበልጣል።

6ኛ. የሚከፈለውን እንክፈል። ደመወዝ የዘገየባቸው ሠራተኞች ያሏቸው ወገኖች ከምጽዋታቸው በፊት ይህን ይጨርሱ።

፰. ሃያ አራት እግር

ትምህርታችንን በጸሎተ ሐሙስ እንደምድም። በየዓመቱ በዚያ ቀን አባቶቻችን ካህናት ዝቅ ብለው በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ይህ ሥርዓት የተወሰደው ከጌታችን ነው (ዮሐ. 13፥1-17)። ያ ሌሊት ምን ዓይነት ሌሊት እንደነበር አስቡት። ሰዓቱ እንደደረሰ ያውቃል። ይሁዳ እንደሚሸጠው፣ ጴጥሮስ እንደሚክደው፣ ሌሎቹም እንደሚበተኑ ያውቃል። በጌቴሴማኒ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ የሚወርድበት ሰዓት ቀርቧል። ከዚያ የከበደ ጭንቅ በማንም ላይ አልደረሰም።

በዚያች በቀረችው ጥቂት ሰዓት ምን አደረገ? ከራት ተነሣ፣ ልብሱን አኖረ፣ በማበሻ ጨርቅ ታጠቀ፣ በኩስኩስት ውኃ ጨመረ፣ የ12 ሰዎችን እግር አጠበ። ሃያ አራት እግር ነው፤ አንድ በአንድ። የጴጥሮስ ክርክር ተሰምቷል፤ መልስም ተሰጥቶታል። የይሁዳም እግር ከሃያ አራቱ ውስጥ ነበር፤ አልተዘለለም። በመስቀል ላይ ሆኖ እንኳ እናቱን ለዮሐንስ፣ ዮሐንስንም ለእናቱ ሰጠ እንጂ «ሰው የለኝም» እንድትል አልተዋትም (ዮሐ. 19፥26-27)።

እንግዲህ «ጊዜ የለኝም፤ ጭንቅ ላይ ነኝ» ስንል ይህን ሌሊት እናስብ። እርሱ ጊዜ ነበረው። የመጨረሻዋን ሰዓት ለእግር ማጠብ የሰጠው ሌላ የሚሠራው ስላጣ አይደለም፤ ሥራው እርሱ ስለነበረ ነው። ያደረገልንን እኛም እርስ በርሳችን እንድናደርግ አዝዞናል።

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትወጡ ከጎናችሁ የቆመውን ሰው እዩት። ምናልባት 38 ዓመት ማንም ያልጠየቀው ይሆናል።

በቸርነቱ የጎበኘን አምላክ በጭንቅ ቀን የምንጎበኝ እንጂ የምናልፍ እንዳንሆን ይርዳን። ጾሙን የኃጢአት መደምሰሻ፣ የፍቅር መጀመሪያ ያድርግልን። የእመቤታችን ምልጃ፣ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተራዳኢነት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።